ጠይቁኝ፦ ሶፍትዌሩን ልማር ወይስ ዲዛይኑን?

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ። የደብረ ብርሃን ብርድ ጣቴን አልታዘዝ አስብሎታል፣ ጋቢ ተከናንቤ ነው የምጽፍላችሁ፣ ስለዚህ የፊደል ስህተት ካገኛችሁ በብርዱ አመካኙልኝ። ስለ ዲዛይን ስራ ብዙ ጥያቄ መጥቷል፣ ዛሬ አራቱን ነው ያነሳሁት፣ የመጀመሪያው ላይ ግን ትንሽ አበዛለሁ፣ እኔንም የሚያመኝ ቦታ ስለነካ።

«ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ደብረ ብርሃን ኮምፒዩተር ሳይንስ 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከኮዱ ይልቅ ዲዛይኑ ነው የሚስበኝ። አንዱ ፎቶሾፕ ተማሪ ይለኛል፣ አንዱ ፊግማ ይለኛል፣ ሌላው ደሞ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ሁሉንም ሊሰራው ነውና ተይው ይላል። አባዬ በበኩሉ "ስዕል እንጀራ አይሆንም" ብሎ ዘግቶታል። እርስዎ በዚህ ስራ ብዙ ዓመት ስለቆዩ ምን ይሉኛል?» ተማሪዋ

እህቴ፣ መጀመሪያ የራሴን ላውራሽ። እኔ ስራ ስጀምር ፍላሽ የሚባል ሶፍትዌር ነበር፣ ኪስ ውስጥ የሚያዘውን ፍላሽ አይደለም የምልሽ፣ የሚንቀሳቀስ ዌብሳይት፣ ጌም፣ በሲዲ የሚሰጥ ማስተማሪያ ሁሉ የሚሰራበትን ነው። የማክሮሚዲያ ነበር፣ ኋላ በ2005 አዶቤ ገዛው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥርልሽ)። እሱን በደንብ ስለቻልኩ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ነበር የማየው፣ አንድ በተን ሲነካ እንዴት ብልጭ እንደሚል ሳሳምር አድሬ አውቃለሁ። ከዛ በ2007 አይፎን ወጣና ፍላሽ የሚባል አላስገባም አለ፣ ሰዉ ሁሉ ደሞ ወደ ስልክ ሄደ፣ በመጨረሻ 2020 ሲያልቅ አዶቤ ራሱ ዘጋው። የዛን ጊዜ ስራዎቼ መሳቢያ ውስጥ በሲዲ ተቀምጠዋል፣ ከፍቼ ላሳይሽ ብል ግን እንደ ድሮው እሺ አይሉኝም። ያ ሁሉ ሌሊት ውሃ በላው ብዬ አንድ ሰሞን በጣም አዝኜ ነበር።

ፎቶሾፕ ወይስ ፊግማ ላልሽው፣ ወደ ስክሪን ስራ፣ የአፕና የዌብሳይት ገጽ ማለቴ ነው፣ ካደላሽ ፊግማ ጀምሪ፣ ብሮውዘር ላይ ስለሚሰራ ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግሽም፣ ኔትወርክ ግን ይፈልጋል። በተኖቹን በሁለት ሳምንት ትለምጃቸዋለሽ። በሁለት ሳምንት የማይለመደውን ልንገርሽ።

አንድ ጊዜ ለጤና ተቋም የቀጠሮ ማስያዣ አፕ ሰራን፣ ከጣርማ በር ወዲያ ቆላው ላይ ላለች ከተማ። አዲስ አበባ ቢሮ ቁጭ ብለን በትልቅ ሞኒተር ነው የሰራነው፣ ታየዋለህ፣ ያምራል፣ አለቃችን አጨበጨበልን። ስራ ላይ በዋለ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ጠዋት ጠዋት ሰው የለም፣ ከምሳ በኋላ ግርግር ነው፣ ነርሶቹ ተቆጡ። ነገርየው ምን መሰለሽ፣ አፑ የጠዋት 2 ሰዓቱን ቀጠሮ 8:00 ብሎ ነው የሚያሳየው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ሰዉ ደሞ 8 ሰዓት ሲባል ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ነው የሚያውቀው። ሰዎቹ በሰዓታቸው ነው የመጡት። ሶስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ልጇን አዝላ የመጣች እናት «ወረቀቱም ስልኩም ስምንት ነው ያለኝ» ብላ ስታሳየኝ የምገባበት ጠፋኝ፣ ምክንያቱም ያን ቁጥር እዛ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

እዛ ከሄድኩ አይቀር ብዬ አግዳሚው ላይ ሶስት ቀን ተቀመጥኩ። ፎርሙ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል የግድ የሚሞላ ቦታ ነበረን፣ ከፈረንጅ ፎርም ቀድተን ነው፣ አንድ አባት እዛ ላይ የአምስት ልጆቻቸውን ስም ተራ በተራ አስሞልተውታል፣ እንዴት ተሳሳቱ ይባላል፣ ቤተሰባቸው ናቸው እኮ። የትውልድ ወር ላይ ደሞ 12 ወር ብቻ ነው ያስገባነው፣ ጳጉሜ የተወለደ ሰው ቦታ የለውም። ስስ ግራጫ ፊደሌስ፣ ያ ቢሮ ውስጥ ሲታይ «ዘመናዊ» የተባለው፣ ጸሐይ ላይ በተሰነጠቀ ስልክ ጭራሽ አይታይም። በኋላ ሳነብ ለተራ ጽሑፍ የፊደሉና የጀርባው ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት የሚል ዓለም አቀፍ መመሪያ እንዳለ፣ ጣት የሚነካው በተንም ወደ 9 ሚሊሜትር ቢሆን እንደሚመከር አየሁ። እኔ ግን ቀድሜ የተማርኩት ከእናትየዋ ነው።

ስለዚህ የቤት ስራ ልስጥሽ። ሰፈርሽ ውስጥ ካሉ እናቶች አንዷን ለምኚና በቴሌብር 10 ብር ላንቺ እንዲልኩ አድርጊ። አታግዢያቸው፣ እጅሽን እጠፊ፣ «እዚህ ጋ ይንኩ» እንዳትይ፣ ይሄ በጣም ይከብዳል። የት ጋ እንደቆሙ፣ የቱን ቃል ደግመው እንዳነበቡ፣ መቼ ወደ ኋላ እንደተመለሱ ጻፊ። ከዛ ያን አንድ ስክሪን ደግመሽ ስሪና አሁንም አሳያቸው። ስራ ስትፈልጊ ይሄንን ይዘሽ ሂጂ፣ እኔ ቀጣሪ ብሆን ከ20 የሚያማምር ፖስተር ይሄን አንዱን ነው የማየው።

አርቲፊሻል ኢንተለጀንሱን እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ለሙከራ ምስል ጊዜ ይቆጥባል፣ ምስል ውስጥ አማርኛ ጻፍ ስትዪው ግን ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል ፊደል ያልሆነ ነገር ነው የሚያወጣልሽ። ይሄ ነገ ይስተካከል ይሆናል፣ አላጣላም። የዛችን እናት ስምንት ሰዓት ግን ሄዶ የሚጠይቅላት ሰው ያስፈልጋል።

አባትሽን በተመለከተ፣ የአንኮበሩ ልጅ አፈወርቅ ተክሌ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፣ እሱ ስዕል ተምሮ ተመለሰ፣ ኋላም የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ሰራ። ይሄን ለአባትሽ ስትነግሪያቸው ግን ተጠንቀቂ፣ እኔ ለእናቴ ብነግራት «አንተ አፈወርቅ ነህ?» ብላ አፌን አዘጋችኝ። ዲግሪውን ጨርሺው ለማንኛውም፣ ኮድ የሚገባው ዲዛይነር ከፕሮግራመሮቹ ጋር ሲነጋገር አይሸወድም።

«ሸዋ ሮቢት ላይ የእህል መደብር አለኝ። ልጄ ባነር አሰርቶልኝ ነበር፣ በስልክ ያሳየኝ አረንጓዴ ልክ እንደ ጤፍ ቡቃያ ነው፣ ታትሞ ሲመጣ የጠወለገ ጎመን ሆነ። ምልክቱም ደብዝዟል። አታሚዎቹ አጭበርብረውኝ ነው?» ነጋዴው

ጋሼ፣ ላያጭበረብሩዎት ይችላሉ። ስልክ ቀለም የሚያሳየው ብርሃን እያበራ ነው፣ ቀይ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ደባልቆ፣ ማተሚያው ደሞ አራት ቀለም ነው በብዛት የሚጠቀመው፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ መሳይ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር፣ እነዚህ ሲደባለቁ ያ ስልክ ላይ የሚያበራው አረንጓዴ አይወጣም። ባለሙያዎች የስልኩን አር ጂ ቢ፣ የማተሚያውን ሲ ኤም ዋይ ኬ ይሉታል፣ ልጅዎ ፋይሉን ከመጀመሪያው በሲ ኤም ዋይ ኬ ቢሰራው ጎመኑን ቀድሞ ያየው ነበር። ለሚቀጥለው ማተሚያ ቤቱን መዳፍ የምታህል ናሙና በዛው ሸራ ላይ አትሙልኝ ይበሏቸውና ውጪ አውጥተው በጸሐይ ይዩት።

ምልክቱ የደበዘዘው ግን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስለተላከ ይመስለኛል፣ ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፣ እንደ ፋይል ነው መላክ ያለበት። ከሁሉም የሚሻለው ደሞ ሎጎውን በቬክተር፣ በነጥብ ሳይሆን በመስመር በሚሳል ፋይል ማለት ነው፣ ማሰራት ነው፣ ቢዝነስ ካርድ ላይም ሆነ የመኪና ጎን ላይ ቢለጠፍ አይደበዝዝም።

«ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፈው፣ ኮሬል ድሮው ተምሬ ሎጎና ፖስተር እሰራለሁ። ደንበኞቼ "ትንሽ ነገር ብቻ ቀይርልኝ" እያሉ አስር ጊዜ ያስቀይሩኛል፣ "ድምቅ አድርገው" ይላሉ፣ ስጨርስ ደሞ ወንድሜ እየተባባልን ገንዘብ የለም። ምን ላድርግ?» የመንዙ ልጅ

ወንድሜ፣ ቀብድ! በግ እንኳን ያለ ቀብድ አይያዝልህም። ግማሹን ሳትቀበል ኮምፒዩተሩን አታብራ፣ ዘመድ ከሆነ ደሞ ጨርሶ አታስከፍለው ወይ ሙሉውን አስከፍለው፣ መሐሉ ነው የሚያጣላው። ሁለት ጊዜ በነጻ እቀይራለሁ፣ ከዛ በኋላ በክፍያ ነው ብለህ በቴሌግራም ጻፍለት፣ በቃል ብቻ አትተወው። ደሞ የሚወስነው ማነው ብለህ ቀድመህ ጠይቅ፣ አንዳንዴ ከአንተ ጋር የሚያወራው ሰውዬ ነው፣ የሚወስኑት ግን ሚስቱ ናቸው፣ አንተ ስምንት ዙር የምትመላለሰው በማታያቸው ሰው አስተያየት ነው።

እኔ ገና ጀማሪ ሆኜ ለአንድ ሆቴል ሰባት ዓይነት ሎጎ ይዤ ሄድኩ፣ ትጋቴን ላሳይ ብዬ። ባለቤቱ ሰባቱንም አየና «የዚህን ዋንጫ፣ የዚያን ፊደል፣ የዚህን አንበሳ» አለኝ፣ ተገጣጥሞ የወጣው ነገር ዛሬም ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። አሁን ሁለት ነው የማሳየው፣ ሁለቱንም ለምን እንደዛ እንደሰራኋቸው እየነገርኩ።

«ድምቅ አድርገው» ሲሉህ ደሞ ቀለም መጨመር ማለት ብቻ እንዳይመስልህ። ሰውዬው ከሩቅ ይታየኝ ማለቱ ነው ብዙ ጊዜ። እናንተ አገር የሚሰራውን የበግ ጸጉር ምንጣፍ እየው፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ቀለሙ ከበጉ ጋር የመጣ፣ ግን ከበሩ ስትገባ መጀመሪያ ዓይንህ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ሶስት ቀለም ያዝና አንዱን ብቻ ጮክ አድርገው።

«የትኛው የአማርኛ ፎንት ነው የሚሻለው?» ከደብረ ሲና

አጭር ጥያቄ ነው፣ መልሱ እንኳን እንደ ስራው ይለያያል። ለስክሪን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አያሳፍርህም፣ ነጻ ነው። ዩኒኮድ መሆኑን ብቻ አረጋግጥ፣ እያንዳንዱ ፊደል በሁሉም ኮምፒዩተር ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚይዝበት ስርዓት ነው፣ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው በፈረንጅ፣ ከዛ በፊት የተሰሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ቦታ ተውሰው ስለነበር ፎንቱ የሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ስትከፍተው ጽሑፉ የአስማት ክታብ ይመስላል። ማተሚያ ቤት ስትልክም ፊደሉን ወደ ከርቭ፣ ፎንት ወደማያስፈልገው የስዕል መስመር ማለት ነው፣ ቀይረህ ላክ። ቦልድ የሌለውን ፎንት በግድ አታወፍር፣ የፊደሉ ቀለበት ይደፈናል፣ እንደ እንግሊዝኛው አጋድመህ አትጻፈው፣ የኛ ፊደል ሲጋደም የሰከረ ነው የሚመስለው። በመስመርና በመስመር መሐል ያለውን ክፍተትም ሰፋ አድርገው፣ ትንሽና ትልቅ ፊደል የሚባል ስለሌለን ገጹ ቶሎ ይታፈናል። ከዛ ጸ እና ጰ ያለባቸውን ቃላት በትንሹ አትመህ መነጽር ለሚያደርጉ ሰው አስነብብ። ለመንገድ ማስታወቂያ ከሆነ ደሞ አንተ ዕድለኛ ነህ፣ ጣርማ በር ጉሙ ሲወርድ አውጥተህ አቁመውና ከ30 እርምጃ አንብበው።

ለሚቀጥለው እትም ጥያቄ የምትልኩ፣ ስራችሁንም አብራችሁ ላኩልኝ፣ እንደ ፋይል ግን፣ እንደ ፎቶ አይደለም!