ሐሙስ ያየሁትን ማክሰኞ ተናገርኩ

ልጆቼ፣ ከጓደኛችሁ ጋር ቢሮ ልትከፍቱ ስታስቡ መጥታችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ገንዘብ ነው። ለገንዘቡ ውል አለላችሁ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ለባለሙያዎች የሚሆን ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር እንኳ አምጥቷል። እኔ የምጽፍላችሁ ውል ስለማይደርስበት ነገር፣ ስለ ቅናት ነው።

እዚሁ አዳማ ከአብሮ አደጌ ጋር የሥነ ሕንፃ ቢሮ ስንከፍት አንድ ክፍልና ሁለት የንድፍ ጠረጴዛ ነበረን። የምንሥለው በራፒዶግራፍ (በቀጭን የቀለም ብዕር)፣ ትሬሲንግ ፔፐር በሚባል ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ላይ ነው፤ የተሳሳተ መስመር በምላጭ ይፋቃል። ዛሬ ከከተማው ዳር ተርባይን የሚያዞረው ንፋስ ያኔ ወረቀታችንን ይበትንብን ስለነበር መስኮቱን ዘግተን በላብ እንጠመቃለን።

ጓደኛዬን ሰው ይወደዋል። ደንበኛ በሩን ከፍቶ፣ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ "ኢንጂነር የሉም?" ይላል። (አርክቴክት ብሎ የሚጠራን ያኔም አልነበረም።) እስቅ ነበር። ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም።

አንድ ሐሙስ የክሊኒክ ንድፉን ጠረጴዛው ላይ አየሁት። የፎቁ ከፍታ 3.40 ሜትር ነው፤ 17 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው 20 እርከኖች ያስፈልጉታል። ጓደኛዬ አገላብጦ 20 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 17 እርከኖች ሥሏል። ብዜቱ ያው ስለሆነ ማንም አይነቃም፤ የሚያውቀው ደረጃውን የሚወጣው በሽተኛ ነው። አየሁና ዝም አልኩ። "ነገ ራሱ ያየዋል" አልኩ ለራሴ። ዓርብ ኮፒ ተደረገ፣ ሰኞ ሳይት ደረሰ።

ቅናት እንደዚህ ነው። ስድብ አያሰድባችሁም፣ ስም አያስጠፋችሁም፤ ዝም ያሰኛችኋል። "እኔም በኖረኝ" የነበረው "ይሳሳትና ይዩት" ሲሆን ምቀኝነት ሆኗል፤ እኔ ያንን ድንበር ስሻገር ድምፅ እንኳ አልሰማሁም።

ማክሰኞ ፖስታ ቤት አካባቢ ማኪያቶ እየጠጣን ነገርኩት።

"መቼ ነው ያየኸው?" አለኝ።

"ሐሙስ።"

ሌላ አልጠየቀኝም፤ ሒሳቡን ከፍሎ ተነሣ። ሳይት ስንደርስ አናጺዎቹ ፎርምወርኩን (ኮንክሪት የሚፈስበትን የእንጨት ቅርጽ) ጨርሰው ፌሮ እየታሰረ ነበር። ማፍረሻውን ከእኔ ድርሻ ይቀነስ አልኩ፤ እምቢ አለ። ከዚያ ይልቅ ሳምንት ያህል አላናገረኝም፤ እሱ ይከብድ ነበር።

የሚያማችሁ ሁሉ ግን ቅናት አይደለም። እኩል ሠርታችሁ ድርሻችሁ ካነሰ በደል ነው፤ እሱን ዋጥ አታድርጉት፣ ውሉን አውጥታችሁ ተነጋገሩበት። ድርሻው እኩል ሆኖም ሆዳችሁ ካልተኛ፣ ያኔ ወደ ራሳችሁ ዙሩ።

እኛን የያዘን አንድ ልማድ ነው፦ እኔ የሣልኩትን እሱ፣ እሱ የሣለውን እኔ በቀይ እስክሪብቶ ሳናየው ከቢሮ አይወጣም። ስሜቱ ጨርሶ ጠፋ አልላችሁም፤ "ኢንጂነር የሉም?" ሲባል ዛሬም ትንሽ ቆንጠጥ ያደርገኛል። ባለፈው ወር የሰጠኝን ንድፍ ሦስት ቦታ አክብቤ መለስኩለት። በአንዱ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ።