ከሰላጣ ሌላ አልበላም ላለው ኤሊ
የቀድሞ ባለቤቱ ሰላጣና ቲማቲም ብቻ ስላስለመዱት ሣርና አረም እንቢ ካለዎት፣ ሰላጣውን በአንድ ቀን አይከልክሉት። ሣሩን አድቅቀው ከትፈው ከሰላጣው ጋር ይቀላቅሉ፤ ውሃም ያርከፍክፉበት። ከዚያ በየሳምንቱ የሣሩን ድርሻ ከፍ ያድርጉ። ትልቅ ኤሊ ግትር ነው፤ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ሣር በል ዝርያ ከሆነ ፍራፍሬውን ይተዉት፤ የውሻ ምግብማ ጨርሶ አይታሰብም።

መኖሪያው ሰፊ፣ ግድግዳው ወደ ውጭ የማያሳይ ይሁን። አንዱ ጥግ በመብራት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሙቅ፤ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ መደበቂያ ይኑረው።

እኔ የመጀመሪያውን ኤሊዬን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር አስቀምጬ በቂ መስሎኝ ነበር። መስታወት ግን ለአጥንቱና ለጀርባ ቅርፊቱ የሚያስፈልገውን አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ያስቀራል። ወይ ደጅ ያውጡት፣ ወይ ጨረሩን የሚሰጥ አምፖል ይግዙለት።