እንጀራው፣ ፈተናው፣ ባቡሩ፦ ጀርመን ከሚማሩ ልጆች የመጡ ጥያቄዎች

በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት የሚጀመረው ኦክቶበር ላይ ነው። ብርዱም አብሮት ይገባል። በዚህ ሰሞን ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉ ስለ ምግብ ናቸው፤ ደስ ይለኛል። በቅጡ ያልበላ ልጅ በቅጡ አያጠናም። ስለዚህ ዛሬ ከምጣዱ እንነሳ።

«እትዬ፣ ላይፕዚግ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። የጤፍ ዱቄት ገዝቼ ደጋግሜ ሞከርኩ። እንጀራዬ ዓይን አያወጣም፣ ሲነሳም ይቆራረጣል። እማዬ በቪዲዮ እያየች ታሠራኛለች፤ አሁንም እምቢ አለ።»

እናትሽ ያሉሽ ልክ ነው። ልዩነቱ የቤቱ ሙቀት ነው። አገር ቤት ሊጥ በሁለት በሦስት ቀን ይቦካል። ማሞቂያው ማታ ማታ በሚጠፋበት ዶርም ውስጥ ግን እርሾው ይዳከማል። ላዩ ላይ ውሃ ጠሎ ስታዪ የቦካ ይመስልሻል። እስቲ ጠጋ ብለሽ አሽትቺው። ኮምጠጥ ያለ ሽታ ከሌለው፣ ጎኑ ላይም ትንንሽ አረፋ ካላየሽ ገና ነው። ኦቨን ካላችሁ ሳታሞቂው መብራቱን ብቻ አብሪና ሊጡን ውስጡ አስቀምጪ፤ የአምፖሏ ሙቀት ይበቃዋል። ክዳኑን አታጥብቂው። ኦቨኑ የጋራ ከሆነ በሩ ላይ «ውስጥ ሊጥ አለ» የሚል ወረቀት ለጥፊ፤ አለዚያ አንዱ ፒዛ ሊጋግር ሲል አብሮ ያበስልልሻል።

ሌላው አብሲት ነው። ብዙዎቻችሁ የምትዘሉት እሱን ነው፤ ዓይን እንዲያወጣ የሚረዳው ግን እሱ ነው። ሊጡ ሲቦካ ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ ቅጂው፤ ጥቂቱን ለሚቀጥለው እርሾ በጠርሙስ አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ። ከሊጡ አንድ ኩባያ ውሰጂ። ሁለት ኩባያ ውሃ አፍልተሽ ሊጡን ቀስ እያልሽ ጨምሪበት፤ ማማሰሉን እንዳታቆሚ። እንደ አጥሚት ወፈር ሲል አውርጂው። ጣት ሲገባበት የማያቃጥል ያህል ሲበርድ ወደ ዋናው ሊጥ መልሺው። በትኩሱ ከመለስሽው እርሾውን ይገድለዋል። ከዚያ ታገሺ። ሊጡ ኩፍ ብሎ አረፋ ሲሞላው ሳትበጠብጪው እየጨለፍሽ ጋግሪ።

መጥበሻሽ ጠፍጣፋ፣ ምግብ የማይዝና ክዳን ያለው ይሁን። በደንብ ይጋል። ሊጡን ከዳር ጀምረሽ ወደ መሃል እያዞርሽ አፍስሺው፤ ዓይኑ ሁሉም ሲወጣ ክደኚው፤ ጠርዙ ብድግ ሲል አውጪው። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ለጀማሪ እጅ ያስቸግራል። እስክትለምጂ ድረስ ሩቡን የስንዴ ዱቄት ቀላቅዪበት። ጤፉ እዚህ ውድ ስለሆነ ለኪስሽም ይሻላል።

«ዶርትሙንድ ነው የምኖረው። ኩሽናችን የጋራ ነው። ሽንኩርትና በርበሬ ሳቁላላ አብራኝ የምትኖረው ልጅ አፍንጫዋን ይዛ ትወጣለች። አሁን ሰው ሲተኛ ጠብቄ ሆኗል የማበስለው።»

ሌሊት ማብሰሉን ተዪው። በአብዛኛው ቤት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት የጸጥታ ሰዓት ነው፤ ከሽታው ይልቅ የሚያጣላሽ እሱ ይሆናል። ደግሞም ወጥ መሥራት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ልጅቷን ቁጭ አድርገሽ አነጋግሪያት። ቅዳሜ ቀን መስኮቱን ከፍተሽ፣ የኩሽናውን በር ዘግተሽ፣ የሳምንቱን ቁሌት በአንዴ አቁላዪ። በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው። ማታ ከትምህርት ስትመለሺ አንዱን አውጥተሽ ምስር ክክ ብትጨምሪበት ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። እሷንም አንድ ቀን አብልያት።

አደራ የምለው ቡናውን ነው። ጭስ ጠቋሚ ባለበት ክፍል ውስጥ ቡና አትቁዪ፤ ጠቋሚውንም በፌስታል አትሸፍኚው። ያለምክንያት የእሳት አደጋ መኪና ከመጣ ወጪው አንቺ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

«አባቴ ውጤቴን ጠየቀኝ። 1.3 አመጣሁ ስለው ዝም አለ። ከዚያ ‹አይዞሽ፣ በርቺ› አለኝ። ምን ልበለው?»

እንኳን ደስ አለሽ! አሁኑኑ ደውይላቸው። ጀርመን ውስጥ 1.0 ከሁሉ የበለጠው ነው፤ 4.0 ለጥቂት ያለፈ፣ 5.0 የወደቀ ነው። አገር ቤት ደግሞ ጣሪያው 4.0 ነው። አባትሽ የሰሙት ከአራት አንድ ነጥብ ሦስት ነው። እንደዚያ መስሏቸው እንኳ አልተቆጡም፤ አበረቱሽ። እንዲህ ያለ አባት ይህን ደስታ ሳይሰማ አይደር።

«አንድ የሒሳብ ፈተና ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ሦስተኛው የመጨረሻዬ ነው። ለቤተሰብ አልተናገርኩም። እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። በብዙ የትምህርት ክፍሎች ሦስተኛው ከተበላሸ ከትምህርቱ መሰናበት አለ፤ ያንኑ ትምህርት በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ መቀጠልም ብዙውን ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ ዝም ብለህ ክፍልህን ዘግተህ በማንበብ ብቻ አትግባበት።

መጀመሪያ የወደቅክበትን ወረቀት እይ። «አይንዚሽት» ይሉታል፤ ተማሪ የታረመ ወረቀቱን የማየት መብት አለው። ልጆቻችን ይህን መብት አይጠቀሙበትም፤ መምህሩን መጠራጠር ይመስላቸዋል። አይደለም። ነጥቡ የት የት እንደተቀነሰ ታያለህ። የማታውቀው ምዕራፍ ነው? ሰዓት ነው ያጠረህ? ወይስ አሠራሩን ሳታሳይ መልሱን ብቻ ጽፈሃል? ለእያንዳንዱ መፍትሔው የተለያየ ነው። ቀኑ አንድ ብቻ ሊሆን ስለሚችል እንዳያመልጥህ።

ቀጥሎ የክፍልህን የፈተና ደንብ አንብብ፤ ያልገባህን የፈተና ጽሕፈት ቤቱን ጠይቅ። እስከ መቼ ከፈተናው ስምህን ማስወጣት እንደምትችል፣ ብትታመም የሐኪም ወረቀት በስንት ቀን ማቅረብ እንዳለብህ እዚያ ተጽፏል። ታምመህ ፈተና ላይ አትቀመጥ። ሽቱዲሬንደንቬርክ የሚባለው የተማሪዎች አገልግሎት የሥነ ልቦና ምክር ይሰጣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው መሄድ ያለበት እዚያም ነው።

ለቤተሰብ ደግሞ ንገር። ሁሉንም ሰብስበህ አይደለም፤ ለአንድ ሰው፣ ለምታምነው። ብቻህን ስትሸከመው ይከብዳል።

«እናቴ በሚመጣ ሰው ቋንጣና የተነጠረ ቅቤ ልትልክልኝ ነው። ይገባል?»

አይገባም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ ይዞ እንዲገባ አይፈቀድም። ቋንጣ፣ ቅቤ፣ አይብ ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። ጉምሩክ ካገኘው ይወስደዋል፤ ዕቃውን የያዘው ሰውም ሊቀጣ ይችላል። ውለታ የዋለልሽን ሰው ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አታሳፍሪው።

ሕጉ ከመሬት ተነስቶ አልወጣም። የከብት በሽታ ይመጣል ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በርሊን አጠገብ ብራንደንቡርግ ውስጥ አፍተግር ተገኝቶ አገሩን አስደንግጧል፤ ጀርመን ውስጥ ከ1988 ወዲህ ታይቶ አያውቅም ነበር።

እናትሽ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና ደረቅ ቅመም ይላኩልሽ። ማርም እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ኮረሪማና ኮሰረት ከደረሰሽ ቅቤውን እዚሁ ታነጥሪዋለሽ። ከሱፐርማርኬት ጨው የሌለበትን 250 ግራም ቅቤ ግዢ። በለስላሳ እሳት አቅልጠሽ ቅመሙን ጨምሪ፤ አረፋው እስኪጠፋና ከታች ያለው አተላ ወርቃማ እስኪሆን ጠብቂና አጥልዪው። ኩሽናው እንደ እናትሽ ቤት ይሸታል።

«ኤርፉርት ነው የምማረው። ጓደኞቼ ለዕረፍት ፓሪስና ሮም ይሄዳሉ። እኔ ያለኝ የዶይችላንድ ቲኬት ብቻ ነው። ቤት ከምቀመጥ የት ልሂድ?»

ያለህ ትንሽ ነገር አይደለም። ትኬቱ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በወር 63 ዩሮ ሆኗል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ ቅናሽ ያደርጉበታል። ፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ አይሠራም እንጂ በክልል ባቡር አገሩን ሁሉ ያዞርሃል።

አንተ ግን ሩቅ አትሂድ። በክልል ባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው፤ ጎታ ውረድ። ከተማዋ ላይ ፍሪደንሽታይን የሚባል ትልቅ ቤተ መንግሥት አለ። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው፣ የዛሬው ወሎ ማለት ነው፣ በመስፍኑ በኤርንስት ተጋብዘው እዚያ ተቀምጠዋል። ያስጋበዛቸው ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍ የተወለደው አንተ በምትማርበት ከተማ፣ በኤርፉርት፣ በ1624 ነው። ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ሮም ላይ በ1649 ተዋወቁ። መጀመሪያ የተግባቡት በግእዝ ነበር። ከዚያ አባ ጎርጎርዮስ አማርኛ አስተማሩት፤ ስለ አገራቸውም አጫወቱት። በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የታተሙት የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት መነሻቸው ያ ወዳጅነት ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ አረፉ።

አማርኛን በመጽሐፍ ለአውሮፓ ያስተማረ ሰው በእግሩ የረገጠው ግቢ ነው። ፓሪስ የትም አይሄድም፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ ጎታን አይ ነበር።

ድንበር የምትሻገር ዕለት ፓስፖርትህንም የመኖሪያ ካርድህንም ያዝ። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ቁጥጥር መልሳለች። በካርድህ ወደ ሌሎች የሼንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መጓዝ ትችላለህ። እንግሊዝ ግን ራሱን የቻለ ቪዛ ይፈልጋል። ካርድህ እድሳት ላይ ከሆነ የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤቱን ሳትጠይቅ አትውጣ።

«ከዝግ አካውንቴ በወር 992 ዩሮ ይለቀቅልኛል። ዘመድ ሁሉ በብር እያባዛ ሀብታም አድርጎኛል። የአጎቴ ልጅ ስልክ ይላል፣ አክስቴ ለሕክምና ትጠይቀኛለች። እምቢ ማለት ከበደኝ።»

ከባድ ነው፤ ከምግቡም ከፈተናውም የሚብስ ይመስለኛል። ዝግ አካውንት ለቪዛ ተብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚቀመጥበትና በየወሩ የሚለቀቅበት የባንክ ሒሳብ ነው፤ ያ ገንዘብ አንድ ተማሪ እዚህ አገር ለመኖር ያስፈልገዋል ተብሎ የተተመነ ነው። ኪራይ፣ የጤና መድን፣ ምግብ ሲወጣለት ትርፍ የለውም።

የወር ወጪህን በወረቀት ጻፍ። ኪራይ ይህን ያህል፣ መድን ይህን ያህል እያልክ። ፎቶ አንስተህ ዘመድ ለሚሰማው አንድ ታላቅ ሰው፣ ለአባትህ ወይም ለእናትህ ላከው። አንተ እምቢ ስትል ጥጋብ ይመስላል፤ እሳቸው ሲያስረዱ ይሰማሉ። ስልክና ሕክምናን ደግሞ አንድ ላይ አትቁጠር። ለስልኩ «አልችልም» በል፤ ሰበብ አታብዛ። ለአክስትህ ሠርተህ ካገኘኸው ላይ የምትችለውን ላክ፤ ከኪራዩ ግን አትንካ።

ሥራም ከገባህ ልክ አለው፦ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በ2026 13.90 ዩሮ ነው፤ ከዚያ በታች የሚከፍልህን አትቀበል። ዘመድ ለመርዳት ብለህ ልኩን ካለፍክ የመኖሪያ ፈቃድህን ታበላሻለህ።

«የነቢያት ጾም እየገባ ነው። የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት፣ ሜንዛ ውስጥ ምን ልብላ?»

«ቬጋን» የሚል ምልክት ያለበትን ውሰጂ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለበትም። «ቬጀታሪያን» የሚለው ግን አይብም እንቁላልም ሊኖረው ስለሚችል ተጠንቀቂ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ሜንዛው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ምሳውን ይዘጋል። ብዙ ቦታ በዕቃ ይዘሽ መውጣት ይፈቀዳል፤ ጠይቂያቸው። ላብራቶሪ ቆመሽ የምትውይ ከሆነ ግን ሰዓቱን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት።