ከመሄዳችሁ በፊት ያለውም ዕድሜያችሁ ነው

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ሩቅ ቦታ ለመሄድ ደፋ ቀና ለምትሉ ነው። ለትምህርት ይሁን ለሥራ፣ ለትዳር ይሁን ወይም እንዲሁ ዕድላችሁን ለመሞከር፣ ምክንያቱ የእናንተ ነው። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ነው። ወደ ሌላ ከተማ የሚዛወረውም፣ ውጭ አገር የሚመደበውም፣ ሥራ ለቅቆ የሚሄደውም ወረቀቱን የሚጨርሰው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሰው ጓዙን ሲጠቀልል ምን ምን እንደሚያደርገው በደንብ አይቻለሁ። እኔም በተራዬ ጠቅልያለሁ።

ስለ ቪዛና ስለ ቲኬት የሚመክራችሁ አታጡም። እኔ የማወራው መሄዳችሁ ከተቆረጠበት ቀን አንስቶ እስከምትሄዱበት ቀን ድረስ ስላለው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጊዜ ከዕድሜው አይቆጥረውም።

አንድ ወጣት ባልደረባ ነበረኝ። የመሄዱ ወሬ እንደተሰማ ዕቃውን መሸጥ ጀመረ። አንድ ቀን የሚፈርመው ወረቀት ነበርና ቤቱ ሄድኩ። መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፣ አንድ ኩባያ፣ በሩ አጠገብ የቆመ ሻንጣ። ሌላ ምንም የለም። ግድግዳው ላይ እንኳ ፎቶዎቹ ተነቅለው ሚስማሮቹ ብቻ ቀርተዋል። “ማታ ማታ ምን ትሠራለህ?” አልኩት። “ስልክ እነካካለሁ” አለኝ። ጓደኞቹ ሲጠሩት አይሄድም፤ “ልሄድ አይደል እንዴ፣ ምን ያደርግልኛል” ይላል። ኳስ መጫወትም ትቷል፤ እግሩ ቢሰበርስ? ከዚያ ወረቀቱ ዘገየ። በሚቀጥለው ወር፣ በሚቀጥለው ወር እየተባለ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ፍራሽ ላይ ነበር። ሰውነቱ እዚህ፣ ልቡ እዚያ፤ ከሁለቱም ሳይሆን።

ልጁ ሰነፍ አልነበረም። የያዘው ሐሳብ ብዙዎቻችንን የሚይዘን ነው፦ እዚያ ስደርስ ደስ ይለኛል። ዴቪድ ሽኬድ እና ዳንኤል ካኔማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትሿል። በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብና በደቡብ ካሊፎርኒያ የሚማሩ ተማሪዎችን ጠየቁ። ሁለቱም ወገን ካሊፎርኒያ የሚኖር ሰው በሕይወቱ የበለጠ ይረካል ብሎ ገመተ። ስለ ራሳቸው ሕይወት ሲጠየቁ ግን እርካታቸው እኩል ሆኖ ተገኘ። ስለ ሩቅ ቦታ ስናስብ የሚታየን ልዩነቱ ነዋ! አየሩ፣ መንገዱ፣ ደመወዙ። ልብስ ማጠቡ፣ ወረፋው፣ እንቅልፍ እምቢ የሚልበት ሌሊት አይታየንም። እነሱ ደግሞ የትም ይከተሉናል።

አትሂዱ ማለቴ አይደለም። ሂዱ። ሰላም አጥቶ ወይም እንጀራ ፍለጋ የሚሄድ ሰውም ከካሊፎርኒያው ጥናት የሚማረው ብዙ የለውም፤ እሱ የሚሄድበትን ያውቃል። እኔ የምለው ደስታችሁን በሙሉ ቀድማችሁ በካርጎ አትላኩት ነው።

ተቃራኒውን የሚያደርጉም አሉ። መለየቱን ማሰብ ስለሚከብዳቸው “ኧረ ገና ነው” እያሉ ይሸሹታል። ይህም አያዋጣም። ጄሚ ከርትዝ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣችው ጥናት በጣም ይገርመኛል። ሊመረቁ ሳምንታት የቀሯቸውን ተማሪዎች ስለ ኮሌጅ ቆይታቸው እንዲጽፉ አደረገች። አንዳንዶቹ “የቀረው ጥቂት ነው” ብለው፣ ሌሎቹ “ገና ብዙ ጊዜ አለ” ብለው እንዲያስቡ ተነገራቸው። የቀራቸው ጊዜ ያው ነው። ደስታቸው የጨመረው፣ ከጓደኞቻቸውና ከግቢው ጋር ይበልጥ የኖሩት ግን ጥቂት ቀረን ያሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ እሷና ባልደረቦቿ ተማሪዎች አንድ ወር ሙሉ ሩቅ ሊሄዱ እንደሆነ አድርገው እንዲኖሩ ጠየቁ። የትም የማይሄዱ ልጆች! እነሱም ደስታቸው እንዲህ ካልተባሉት ተማሪዎች የበለጠ ጨመረ። እናንተ ደግሞ ማስመሰል አያስፈልጋችሁም፣ የምር ትሄዳላችሁ።

ስለዚህ ቀኑን አትሸሹት። ግን ደግሞ በየቀኑ ድግስና የስንብት ጉዞ ይሁን እያልኩ አይደለም፤ እሱ ያደክማል፣ ኪስም ያራቁታል። ሒሳብ ክፍል የምትሠራ አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። ለመሄድ ስትዘጋጅ የጨመረችው ትልቅ ነገር አልነበረም። ከሥራ ስትመለስ ከጓደኛዋ ጋር አንድ ፌርማታ ቀድማ ከአውቶቡስ ትወርድና እያወሩ በእግር ይሄዳሉ። ማታ ከአባቷ ጋር አንድ ዙር ዳማ ትጫወታለች። ጠዋት ቢሮ ስትገባ ወሬዋ ስለ ቪዛ አይደለም። “አባዬ ትናንትም አጭበረበረኝ! ስልክ ላነሳ ዞር ስል ጠጠር ሰረቀብኝ” ብላ ክፍሉን ታስቀናለች፤ አዎ፣ ታስቀና ነበር። ዳማውንም መንገዱንም ድሮም ታውቃቸዋለች። ድሮ ግን ዳማውን ቴሌቪዥን እያየች ነበር የምትጫወተው፣ መንገዱንም ስልኳ ላይ አቀርቅራ። አሁን ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። የጨመረችው ይኸው ነው።

እናንተም የራሳችሁን ፈልጉ። ሁለት ይበቃል። ለማድረግ ቀላል፣ ከምትወዱት ሰው ጋር የሚሆን፣ ቀጠሮና ገንዘብ የማይፈልግ።

“ወረቀቱ መች ፋታ ሰጥቶን” ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ያልተጨረሰ ጉዳይ ጭንቅላት ውስጥ እየገባ ይበጠብጣል። ማሲካምፖ እና ባውማይስተር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት ግን ሐሳቡ እንዲለቃችሁ ጉዳዩን መጨረስ የግድ አይደለም። መቼና እንዴት እንደምታደርጉት በዝርዝር ማቀድ ብቻውን ያሳርፋል። “ሰነድ ማረጋገጥ አለብኝ” ብላችሁ ከምትጨነቁ፣ “ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ዋናውንና ኮፒውን ይዤ” ብላችሁ ጻፉት። ከዚያ ሰኞ ማታ የእናንተ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፤ ይህን ማንም አያነሳውም። መሄጃው ሲቃረብ ጠብ ይመጣል። ሁለት የልብ ጓደኞች በተዋሱት ጃኬት ተኳርፈው አይቻለሁ። ጃኬቱ ሰበብ ነው። የሚሄደው ከባድ የሆነበት መለየት ነው፣ የሚቀረውም እንዲሁ፣ ግን ከማልቀስ መኳረፍ ይቀላል። ስትኮራረፉ መለየቱም ትንሽ የቀለለ ይመስላል። አይቀልም፣ ይዛችሁት ነው የምትሄዱት። እናታችሁ አንድን ነገር አሥር ጊዜ ስትጠይቃችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት የምትጠይቀው ስለ ካልሲው እንዳልሆነ አስቡ። ከጓደኛችሁም ጋር ስለ ጃኬቱ ትታችሁ “መሄዱ ከበደኝ ባክህ” በሉት። ለወንድ ልጅ ይቺን ቃል ማውጣት እንዴት እንደምታንቅ አውቃለሁ። ቢሆንም በሉት።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ባዶ ተዉአቸው። ሻንጣ መመዘኑ፣ ባንኩ፣ መሰናበቱ ከዚያ በፊት ይለቅ። ሁለቱን ቀን ቤት ዋሉ፣ ከቻላችሁም ተኙ።

ስትለዩም “በየቀኑ እደውላለሁ” አትበሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ታደርጉታላችሁ፣ ከዚያ ሥራው፣ የሰዓቱ ልዩነት፣ ድካሙ ይመጣል፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ስልኩን እያየ ይቀመጣል። “እሁድ ማታ” ብላችሁ አንድ ቀን ቁረጡና እሱን ጠብቁ። የደረሳችሁ ዕለት ግን እሁድን አትጠብቁ። ሲም ካርድ እስክገዛ ነው ብላችሁም አታመካኙ፣ ብዙ ኤርፖርት ዋይፋይ አለው።