«ሳያምንም ሳይክድም ከፈለ» ስለሚባለው ነገር፦ ጥያቄና መልስ

ኤስኢሲ ስለሚባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። በአንድ አገበያይ ድርጅት የሕግ ተገዢነት ክፍል ለዓመታት ስለሠራሁ፣ ነገሩን የማውቀው በተቀጪው ወገን ተቀምጬ ነው። ዓመቶቹም፣ ወሮቹም፣ ቀኖቹም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዜናው ሁልጊዜ «ክሱን ሳያምንም ሳይክድም ለመክፈል ተስማማ» ይላል። ካላጠፋ ለምን ይከፍላል? ካጠፋስ ለምን አያምንም? በእኛ ሽምግልና እኮ አጥፊው ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል።

መልስ፦ እዚህ ድንጋዩ ቀርቶ ገንዘቡ ብቻ ነው የሚቀርበው። ምክንያቱ ከኮሚሽኑ ጀርባ የቆሙት ሰዎች ናቸው። ገንዘባቸውን ያጡ ባለአክሲዮኖች የየራሳቸውን ክስ ይዘው ይጠብቃሉ፤ ኩባንያው ዛሬ አጥፍቻለሁ ካለ ነገ ያንኑ ቃሉን ማስረጃ አድርገው ያቀርቡበታል። ኮሚሽኑም ለዓመታት ከመሟገት በእጅ የገባውን ይመርጣል። «ሳይክድም» የምትለው ቃል ግን ለጌጥ የገባች አይደለችም። ኮሚሽኑ በ1972 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ የተስማማ ሰው ወጥቶ «ምንም አላጠፋሁም» እያለ መግለጫ መስጠት አይችልም። በ2013 ሊቀመንበሯ ሜሪ ጆ ዋይት አንዳንድ ከባድ ጉዳዮች ላይ ጥፋቱ እንዲታመን እንጠይቃለን አሉ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ጄፒ ሞርጋን ባንክ የለንደን ቅርንጫፉ ባስከተለው ኪሳራ ጉዳይ ጥፋቱን አምኖ ለኮሚሽኑ 200 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ውሳኔው የመርማሪው ነው?

መልስ፦ አይደለም። መርማሪው ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስኑት ኮሚሽነሮቹ ናቸው። መቀመጫው አምስት ሲሆን ከአንድ ፓርቲ ከሦስት በላይ መሆን አይፈቀድም፤ ድምፅ የሚሰጡትም በዝግ ነው። ከዚያ በፊት ለተመርማሪው «ዌልስ» የሚባል ማስታወቂያ ይላካል። አንዱን በእጄ ይዤ አንብቤዋለሁ። ሊከሱን እንዳሰቡ፣ ተጣሱ የተባሉትን አንቀጾች፣ መልስ ካለን በጽሑፍ እንድናቀርብ፤ ሌላ ነገር የለውም። ቁጣ የለበት፣ ዛቻ የለበት። አለቃዬ ሦስት ጊዜ አንብቦ መነጽሩን አወለቀና «በሩን ዝጋው» አለኝ። የድርድሩ ትልቁ ክፍል የሚካሄደው ከዚያች ደብዳቤ በኋላ ነው። ኮሚሽነሮቹ ጋ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ተከሳሹ ቀድሞ የፈረመበት ወረቀት ነው።

ጥያቄ፦ ኢሎን መስክ በሁለት ቀን እንዴት ተስማማ?

መልስ፦ ነሐሴ 2018 ላይ ቴስላን በአንድ አክሲዮን 420 ዶላር ከገበያ ለማውጣት ገንዘቡ ተገኝቷል ብሎ ጻፈ። ኮሚሽኑ ነገሩ አሳሳች ነው ብሎ መስከረም 27 ከሰሰው። በማግስቱ አክሲዮኑ 14 በመቶ ገደማ ወረደ፤ 29 ላይ ስምምነቱ ይፋ ሆነ። እሱ 20 ሚሊዮን፣ ኩባንያውም 20 ሚሊዮን ዶላር፣ ከቦርድ ሊቀመንበርነት ለሦስት ዓመት መውረድ። ዋና ሥራ አስፈጻሚነቱ ግን አልተነካም። ያቻኮለው 20 ሚሊዮኑ አይመስለኝም፤ ያች የ14 በመቶ ቀን ናት።

ጥያቄ፦ ዳኛ ስምምነቱን አልቀበልም ማለት ይችላል?

መልስ፦ በ2011 የኒው ዮርኩ ዳኛ ጄድ ራኮፍ ሲቲግሩፕ የተባለው ባንክ ከኮሚሽኑ ጋር ያደረገውን የ285 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት መለሱት። እውነቱ ካልታወቀ ፍትሐዊ መሆኑን በምን ልመዝን ነው ነገሩ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2014 ሻረባቸው፤ የስምምነት ተግባሩ አደጋን መቀነስ እንጂ እውነትን ማውጣት አይደለም አለ። በሕጉ ይግባኝ ሰሚው ሳይሻል አይቀርም። ልቤ ግን ከራኮፍ ጋር ነው።

ጥያቄ፦ ኮሚሽኑ በራሱ ዳኛ ይቀጣል የሚባለውስ?

መልስ፦ ተገድቧል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰኔ 2024 በጃርከሲ ጉዳይ፣ በማጭበርበር ክስ የገንዘብ ቅጣት የሚጠየቅበት ሰው በጁሪ፣ ማለትም ከተራ ዜጎች በተውጣጣ ሸንጎ፣ የመዳኘት መብት አለው ብሏል። ወዶ የሚስማማን አይመለከትም።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ ቶሎ ለተስማማ ቅናሽ ትሰጣለች ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ልክ እንደ ሱቅ፤ በመጀመሪያው ደረጃ ለተስማማ 30 በመቶ። ባርክሌስ በ2012 በላይቦር የወለድ ተመን ጉዳይ 85 ሚሊዮን ፓውንድ ሊቀጣ ሲችል 59.5 ሚሊዮን ከፍሏል።

ጥያቄ፦ አገራችንስ?

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ይግባኝ የሚልበት የዳኝነት አካልም በዚያው አዋጅ አለ። ገበያው ገና ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ከማላውቀው «ፈንድ» የ61 ዶላር ቼክ በፖስታ መጣልኝ። ማጭበርበር ይሆን?

መልስ፦ እውነተኛም ሊሆን ይችላል። ከ2002ቱ ሕግ ወዲህ ኮሚሽኑ ቅጣቱን ሰብስቦ ለተጎዱ ባለአክሲዮኖች ማከፋፈል ይችላል፤ ዌልስ ፋርጎ የተባለው ባንክ በ2020 የከፈለው 500 ሚሊዮን ዶላር ለዚሁ ነበር። የፈንዱን ስም በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉ፤ በዚያን ጊዜ አክሲዮኑ እንደነበረዎትም የድሮ የአክሲዮን ሒሳብ መግለጫዎን ይዩ። ገንዘቡን ለመልቀቅ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅዎት ካለ ግን ሌባ ነው። ቼኩ የሚያበቃበት ቀን ስላለው ብዙ አያሳድሩት።