በልጄ ተጀምሮ እኔ ጋ የደረሰው ምርመራ

እህቴ፣ «የሰባት ዓመት ልጄ በትምህርቷ ጎበዝ ናት፣ ሰውንም ዓይኑን ታያለች፤ ስለዚህ ኦቲዝም ሊሆን አይችልም አሉኝ። እናንተ እንዴት አወቃችሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኛ ቤት ሁለት ጊዜ ገጥሞናል፤ ሁለቱ ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

የወንዱ ልጄ ቶሎ ታየ። ሁለት ዓመት ሲሞላው ይላቸው የነበሩትን ጥቂት ቃላት ተወ። ስሙን ስንጠራው አይዞርም፤ የሚፈልገውንም በጣቱ አያሳይም፣ እጄን ይዞ ይወስደኛል እንጂ። ሐኪሙ በቅድሚያ የመስማት ምርመራ አዘዘለት፤ ጆሮው ደህና ነበር። ቀጥሎ ኤም-ቻት የሚባለውን መጠይቅ ሞላን። ይህ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ ማጣሪያ እንጂ ምርመራው ራሱ አይደለም። እኔ ግን ያኔ ይህን አላውቅም ነበርና ነጥቡን አይቼ ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ አደርኩ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቁርጡ ተነገረን።

የእኔ በ36 ዓመቴ ነው። ባለሙያዋ ስለ እሱ የምትጠይቀኝን ስመልስ ስለ ራሴ የማወራ ይመስለኝ ጀመር። እኔም የሰው ዓይን አያለሁ፤ ልጅ ሳለሁ «ሰው ዓይን እዪ» የሚል ቁጣ ሲበዛብኝ ቅንድብ መሃል ማየት ለምጄ ነው። ሰው ጋ ከመሄዴ በፊት የምናገረውን እለማመዳለሁ፤ ስመለስ ደግሞ መጋረጃውን ዘግቼ አልጋ ላይ እውላለሁ። ለጭንቀትና ለድብርት ለዓመታት ታክሜያለሁ። ሕክምናው አልጎዳኝም፤ እንዲያውም ረድቶኛል። ነገር ግን ልጅነቴ እንዴት እንደነበር አንድም ሐኪም አልጠየቀኝም።

«ዓይን ታያለች» የሚለው መልስ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው። ዲ.ኤስ.ኤም-5 የሚባለው የምርመራ መስፈርት ምልክቶቹ ከልጅነት ጀምሮ መኖር አለባቸው ይላል። ነገር ግን የሚጠበቅባት ነገር ከአቅሟ በላይ እስኪሆን ድረስ ጎልተው ላይታዩ፣ በኋላም በለመደችው ዘዴ ሊሸፈኑ እንደሚችሉ አብሮ ያስቀምጣል። ብዙ ሴቶች ልጆች የሚታለፉት እዚህ ላይ ነው። ጉብዝናም ኦቲዝምን አያስቀርም። (በነገራችን ላይ «አስፐርገር ነው ተብያለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትደናገሪ፤ ቀድሞ ለብቻው የሚሰጥ የምርመራ ስም ነበር፤ ይኸው መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ያንን ስም ኦቲዝም ውስጥ አጠቃሎታል።)

ኦቲዝምን የሚለይ የደም ምርመራ ወይም የአንጎል ምስል የለም። ባለሙያው የሚፈርደው ካንቺ በሚሰማው ታሪክና እሷን ራሷን በማየት ነው። ስለዚህ ታሪኩን በእጅሽ ይዘሽ ሂጂ፦ መቼ አፏን ፈታች፣ ብቻዋን ስትሆን እንዴት ትጫወታለች፣ ምን ዓይነት ድምፅ ወይም ልብስ ይረብሻታል፣ የለመደችው ነገር ድንገት ሲቀየር ምን ትሆናለች? ለእኔ የረዳኝ የእናቴ ምስክርነት ነው። «ጨዋ ልጅ ነበረች፣ ቀኑን ሙሉ የልብስ ቁልፎች በቀለም ስትደረድር ትውላለች» አለቻቸው፤ እያመሰገነችኝ ነበር።

የመጀመሪያው ባለሙያ በአምስት ደቂቃ ከመለሰሽ፣ ሴቶች ልጆችን አዘውትሮ የሚመረምር ሌላ ሰው ፈልጊ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ጻፊልኝ፦ ከትምህርት ቤት ተመልሳ የቤቱን በር ከዘጋች በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ልጅሽ እንዴት ናት?