ወለም እያለ ያስቸገረ እግር

የዚህ ዓምድ መላሽ ድሬዳዋ የምትሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ መርጣለች።

ጥያቄ፦ አቦ ሰላም ነሽ? የሳቢያን ልጅ ነኝ፤ 22 ዓመቴ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ኳስ እንጫወታለን፤ አንዳንዴ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ አንዳንዴ ደረቅ ሜዳ ላይ። ከአምና ጀምሮ ቀኝ እግሬ ሦስት ጊዜ ወለም ብሎኛል። ሦስቱንም ጊዜ ወጌሻ አሸልኝ። አሁን ግን ሳልሮጥ እንኳ ኮብልስቶን ላይ ይከዳኛል። ጓደኞቼ ካልሲ የሚመስለውን ላስቲክ ግዛ ይሉኛል። ሌሎቹ ደግሞ እሱን ከለመድክ እግርህ ይሰንፋል ይላሉ። የቱን ልስማ? ለጉልበቴም ልግዛ እንዴ? አያመኝም፤ ለጥንቃቄ ነው።

መልስ፦ ሰላም ነኝ አቦ። (የመጽሔቱ ሰዎች “አንቱ ቢባል ይሻላል” ብለውኝ ነበር። ለድሬ ልጅ ማን ይነግረዋል? እኔም አልወደውም።)

ከጉልበትህ ልጀምር፤ መልሱ አጭር ነው። አትግዛ። ተጎድቶ ለማያውቅ ጉልበት ድጋፍ ማሰር ጅማት ከመበጠስ እንደሚያድን የሚያሳምን ማስረጃ የለም። ብሩን ለቁርጭምጭሚትህ አቆየው።

ቁርጭምጭሚትህ ሌላ ጉዳይ ነው። አንዴ ወለም ያለ እግር ለሚቀጥለው ወለምታ በር ከፍቶ ነው የሚጠብቀው። በውጭ በኩል ያለው ጅማት ሲለጠጥ ብቻውን አይጎዳም። ጅማቱ ውስጥ እግርህ እንዴት እንደቆመ ለአንጎል የሚናገሩ ነርቮች አሉ፤ እነሱም አብረው ይጎዳሉ። ከዚያ በኋላ እግርህ ሲጠማዘዝ ወሬው ዘግይቶ ይደርሳል። ጡንቻው ሊይዝህ ሲነሳ አንተ መሬት ላይ ነህ። ኮብልስቶኑ ላይ የሚከዳህ ለዚህ ነው።

ካልሲ መሳዩ ላስቲክ እግር ያሞቃል፣ ትንሽም ያስታውስሃል፤ መያዝ ግን አይችልም። አንተ የምትፈልገው እንደ ጫማ በክር የሚታሰረውን ነው፤ በላዩ ላይ በግራና በቀኝ ተሻግረው ተረከዝህን አቅፈው የሚመለሱ ሁለት ማሰሪያዎች ያሉትን። ሱቅ ውስጥ አስረኸው እግርህን ወደ ውስጥ ለማጣመም ሞክር። እንደ በፊቱ እንደልብ ከተጣመመ መልስላቸው። ደግሞ ታኬታህን ይዘህ ሂድ። እኔ ለእህቴ ልጅ ከአንድ መድኃኒት ቤት ስገዛ ሻጩ “ለሁሉም ይሆናል” አለኝ። ሳልለካ ከፈልኩ። እግሩ ላይ ሰፋው፣ ጫማው ውስጥ ደግሞ አልገባ አለ። ዛሬ የጀበናዬ ማቶት ሆኖ ያገለግላል።

“ይሰንፋል” የሚሉህን አትስማ። ቀድሞ ወለም ያለው ተጫዋች ሲጫወት ድጋፍ ቢያስር እንደገና የመወለም ዕድሉ ይቀንሳል፤ ይህ በተደጋጋሚ የተጠና ነገር ነው። ጡንቻን የሚያሰንፈው ልምምድ መተው ነው። ስለዚህ ለአንድ ዓመት ያህል ኳስ ስትጫወት እሰረው። ቤት ስትገባ ፍታው። በርጫ ላይ ምን ያደርግልሃል?

ጎን ለጎን ይህን ሥራ። ጥርስህን ስትቦርሽ በቀኝ እግርህ ብቻ ቁም፤ 30 ሰከንድ። ሲቀልህ ግድግዳ አጠገብ ሆነህ ዓይንህን ጨፍን። ያም ሲቀልህ የታጠፈ ጋቢ ላይ ቁም። ቀላል ይመስላል አይደል? ሞክረውና ትነግረኛለህ። ሁለትና ሦስት ወር ሳታቋርጥ ሥራው። ለቡድናችሁ ደግሞ ፊፋ ያሰራጨው “11+” የሚባል ማሟሟቂያ አለ። 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከኳስ በቀር ምንም ዕቃ አይጠይቅም። በሳምንት ሁለቴ የሠሩ ቡድኖች ጉዳታቸው እንደቀነሰ ታይቷል። የእናንተን ማሟሟቂያ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ዙር ሶምሶማና ብዙ ወሬ ነው።

ስለ ታኬታህ አልነገርከኝም፤ ልገምት። ረጅም ጥርስ ያለው ከሆነ ለለስላሳ ሣር የተሠራ ነው። በኛ ደረቅ መሬት ላይ ወይ ሳይገባ ያንገዳግድሃል፣ ወይ ተሰክቶ ሰውነትህ ሲዞር እግርህ እዚያው ይቀራል። ያኔ ጣጣው ጉልበት ላይ ነው። አጫጭርና ብዙ ጥርስ ያለውን ያዝ። የደቻቱን አሸዋ ደግሞ እግርህ እስኪጠና ተወው። አሸዋ ከሥር ይሸሻል።

ወጌሻ አልነቅፍም፤ አባቴን ያዳነው ወጌሻ ነው። ግን ባበጠበት ቀንና በማግስቱ አታሳሽ፤ እብጠቱ ይብሳል። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተህ፣ ወይም የቁርጭምጭሚትህ አጥንት ራሱ ሲነካ ካመመህ፣ ከማንም በፊት ራጅ ተነሳ።

ጥያቄ፦ የምጽፍልሽ ከሐረር ነው፤ ጁገል ውስጥ ነው የምንኖረው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት። በሁለት ወር ውስጥ ሁለቴ ወደቀች። አንዴ ከፈረስ መጋላ አደባባይ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ስትወርድ ሸበጧ ወልቆ፤ አንዴ ደግሞ ቤት ውስጥ በካልሲ ከነደባ (ከፍ ብሎ ከተሠራው መቀመጫችን) ስትወርድ። ዱባይ ያለችው እህቴ ወፍራም ስፖንጅ ሶል ያለው ጫማ ልትልክላት ነው። ይሆናታል? የወገብ ቀበቶስ ልግዛላት?

መልስ፦ እህትሽ ጫማውን ሳትገዛ ደውይላት። ወፍራም ስፖንጅ ሲረግጡት ደስ ይላል፤ ግን መሬቱን ይደብቃል። የ74 ዓመት እግር፣ በዚያ ላይ ስኳር ያለበት፣ ቀድሞውንም የድንጋዩን ወሬ በግማሽ ነው የሚሰማው። ለእናትሽ የሚሆነው ሶሉ ቀጠን ጠንከር ያለና የማያንሸራትት፣ ተረከዙ ዝቅና ሰፋ ያለ፣ ከኋላ የተዘጋ፣ ከላይ የሚታሰር ጫማ ነው። ክር ማሰር ከከበዳት ተለጣፊው ይሻላል። ስትመርጪ ጫማውን በእጅሽ እጠፊው። መታጠፍ ያለበት ጣቶቹ ጋ ነው። መሐሉ ላይ እንደ እንጀራ የሚታጠፍ ከሆነ ተይው።

ሸበጥ ለምን ይጥላል? እንዳይወልቅ በጣት ጨብጠሽ ነው የምትሄጂበት። እርምጃሽ ያጥራል፣ እግርሽም ከመሬት በደንብ አይነሳም። የጁገል ድንጋይ ደግሞ አንዱ ከሌላው ከፍ ያለ ነው። በቃ፣ ጣት ይመታል።

ቤት ውስጥ ያለው ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። እኔም ያደግኩት ሐረር ነው። በጫማ ነደባ ላይ መውጣት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከእናትሽም ጋር በዚህ አትጣዪ። ሁለት ጫማ ይኑራት። አንዱ የውጭ፣ አንዱ ደጃፉን ጨርሶ የማይሻገር የቤት ጫማ፤ እሱም ከኋላ የተዘጋ። በተወለወለ ወለል ላይ ካልሲ ማለት ቅባት ነው። ከነደባው መውረጃ አጠገብ ደግሞ እጇ የምትይዘው ነገር ግድግዳው ላይ ይመታላት። ምንጣፉም ጫፉ እንዳይነሳ አድርጉ።

የእግሯን ልክ እንዲህ ውሰጂ። ማታ ላይ፣ እግር ትንሽ ሲያብጥ፣ ወረቀት ላይ ቆማ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪ። ሁለቱንም እግር። ቆርጠሽ በፖስታም በሰውም ላኪላት። እህትሽ የጫማውን የውስጥ ሶል አውጥታ ወረቀቱን ላዩ ላይ ታድርገው። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲሜትር ያህል መትረፍ አለበት፤ በጎን ግን ወረቀቱ መውጣት የለበትም። ለስኳር ሕመምተኛ ጠባብ ጫማ ቁስል ነው። በየጠዋቱ እጅሽን ጫማው ውስጥ አስገብተሽ ጠጠር ካለ አራግፊ። ማታም ውስጥ እግሯን እዪላት።

የወገብ ቀበቶ ከመውደቅ አያድንም፤ ተይው። ይልቅ በሁለት ወር ሁለቴ የወደቀችን እናት ሐኪም ይያት። የስኳር መድኃኒቷ፣ ስትነሳ የሚወርድ የደም ግፊት፣ የዓይኗ ነገር፣ ሁሉም ይታይ። ከዘራ ከያዘች ቁመቱ እጇን ዝቅ አድርጋ ስትቆም አንጓዋ ጋ ይድረስ፤ የምትይዘውም ከሚያማት እግር በተቃራኒው እጅ ነው። “ከዘራ የአሮጊት ነው” ትልሻለች። የኔም እናት ብላኛለች። ከዘራውን በር ጥግ አቁሜው ዝም አልኩ፤ በሳምንቱ ይዛው ወጣች።

ጥያቄ፦ ከከዚራ ነኝ። የ4 ዓመት ልጄ እግሩ ከሥር ጠፍጣፋ ነው። ልዩ ሶል ላሠራለት?

መልስ፦ በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ልጅ እንዲሁ ነው። የውስጥ እግር ቅስት፣ ማለትም ሲቆሙ ከመሬት ከፍ የሚለው መሐለኛው ክፍል፣ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፤ እስከ 10 ዓመት የሚቆይበትም አለ። በጣቶቹ ጫፍ አቁሚው። ያኔ ቅስቱ ብቅ ካለና ካላመመው ሶል አያስፈልገውም። እግሩ ድርቅ ካለ፣ ካመመው፣ ወይም አንዱ እግር ብቻ ከሆነ ይታይ። ለሶል ያሰብሽውን ብር በቁጥሩ ለሚሆነው ጫማ አውዪው፤ እግሩን በየሦስት ወሩ ለኪው። ቤት ውስጥ ደግሞ በባዶ እግሩ ይሩጥ።